ጣሪያ ላይ የወጡት ልጆች፦ ስለ «ኢፍ....» የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የፊልም ወሬ በተነሣ ቁጥር አንድ ጓደኛዬ የማይዘላት ፊልም አለች። «ልጆቹ ጣሪያ ላይ ወጥተው አስተማሪዎቻቸውን በመትረየስ የሚያጭዱባት!» ይላል። አይቷታል? አላያትም። ያየው የመጨረሻዋን ቁራጭ ነው፤ እሷንም በስልክ።

ፊልሙ «ኢፍ....» ይባላል፤ በእኛ «ቢሆን....» እንደማለት። ከስሙ በኋላ ያሉት ነጥቦች አራት ናቸው። የሠራው እንግሊዛዊው ዳይሬክተር ሊንሴይ አንደርሰን ሲሆን ዘመኑ 1968 ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ታሪኩ እንግሊዝ አገር ባለ የወንዶች አዳሪ ትምህርት ቤት ውስጥ ያልፋል። ሚክ ትራቪስ የሚባል ተማሪ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ሆኖ ከትምህርት ቤቱ ሥርዓት ጋር ይላተማል። ነገር እየከረረ ሄዶ፣ ወላጆችና እንግዶች በተሰበሰቡበት የበዓል ቀን ተኩስ ይከፈታል። ሚክን ሆኖ የተወነው ማልኮም ማክዶዌል ነው። ፊልሙ በ1969 የካን ፌስቲቫልን ትልቁን ሽልማት ወስዷል።

በቁራጭ የታየ ፊልም ወሬው ይበዛል። እስቲ የሰማኋቸውን አንድ በአንድ ልያዛቸው።

«ፐብሊክ ስኩል ነው፤ ስለዚህ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው»

ቃሉን እንዳለ ወደ አማርኛ ካመጣነው ጉድ የምንሆነው እዚህ ላይ ነው። እንግሊዝ ውስጥ «ፐብሊክ ስኩል» ማለት ክፍያው የሚያስደነግጥ፣ የሀብታምና የባለሥልጣን ልጅ የሚገባበት የግል ትምህርት ቤት ነው። ኢተንና ሃሮው ከእነዚህ ናቸው። ስሙ የቆየ ነው፤ የየትኛውም አካባቢ ልጅ ከፍሎ መግባት ይችላል ከማለት የመጣ ነው።

ይህን ያልያዘ ሰው ሚክን ብሶት ያስነሣው የድሃ ልጅ አድርጎ ያየዋል። አይደለም። ሚክና ጓደኞቹ ነገ አገር እንዲገዙ እየተሞረዱ ያሉ ልጆች ናቸው። ያመፁት በገዛ ቤታቸው ላይ ነው።

«የፓሪስን የተማሪዎች አመፅ አይቶ ነው የሠራው»

ፊልሙ ለንደን ላይ የወጣው በዲሴምበር 1968 ነው። የፓሪሱ ግርግር ደግሞ በዚያው ዓመት በሜይ ነበር። ስለዚህ ግምቱ የሞኝ ግምት አይደለም። ግን ቀረጻው የተጀመረው ሜይ ሳይገባ ነው። ድርሰቱማ ከዚያም ይቀድማል። ዴቪድ ሸርዊንና ጆን ሃውሌት የመጀመሪያውን ረቂቅ የጻፉት በ1960 ነው፤ ርዕሱም ያን ጊዜ «የመስቀል ጦረኞች» ነበር። ሁለቱም ተንብሪጅ የሚባል አዳሪ ትምህርት ቤት ያሳለፉ ናቸው። አንደርሰንም ራሱ ቼልተናም ኮሌጅ የሚባል ሌላ አዳሪ ትምህርት ቤት ተምሯል። ቂሙ የከረመ ነው ማለት ነው። ፓሪስ ለፊልሙ ገበያ አመጣችለት እንጂ አልወለደችውም።

ደግሞ የሚገርመው፣ ብዙው ክፍል የተቀረጸው እዚያው ቼልተናም ግቢ ውስጥ ነው። ስሙ እንዳይነገር ተስማምተው ነበር። ትምህርት ቤቱ የፊልሙን መጨረሻ በደንብ ቢያውቀው ኖሮ በሩን ይከፍት እንደነበር እጠራጠራለሁ።

«ጠቡ ከአስተማሪዎች ጋር ነው»

ትልቁ ስሕተት ይሄ ነው። ፊልሙን ቁጭ ብሎ ያየ ሰው አስተማሪዎቹ ሥልጣን እንደሌላቸው ቶሎ ይገባዋል። የታሪክ መምህሩ እየዘመረ፣ በብስክሌቱ እንደተቀመጠ ክፍል ውስጥ ይገባል። ርዕሰ መምህሩ ስለ አዲሱ ዘመንና ስለ ፈጠራ ሲያወራ ይውላል። የመኝታ ቤቱ ኃላፊ ነገሩን ሁሉ ለትልልቅ ተማሪዎች ለቆ ቁጭ ብሏል።

የሚገዙት እነዚያ ትልልቅ ተማሪዎች ናቸው። ማዕረጋቸው «ዊፕስ» ይባላል፤ በእኛ «አለንጋዎች» እንደማለት። ያሸበረቀ ሰደርያ ይለብሳሉ፣ ከዘራ ይይዛሉ። ታናናሾቹ ይላላኳቸዋል። አንዱ አለንጋ ታናሹን ልጅ «ሂድና የሽንት ቤቱን መቀመጫ አሙቅልኝ» ብሎ ሲያዝ ታያላችሁ። ልጁ ሄዶ ቁጭ ይላል፤ ጌታው እስኪመጣ በገላው ያሞቅለታል። ቀልድ ይመስላል። ግን ማንም አይስቅም።

እኛም የክፍል አለቃ አይተናል። መምህር ሲወጣ ጠመኔ አንሥቶ «ረባሾች» ብሎ ሰሌዳ ላይ ስም የሚደረድረውን ልጅ የማያስታውስ የለም። የእኛው አለቃ ግን ቢበዛ ስም ነው የሚጽፈው። እነዚህ ራሳቸው ይፈርዳሉ፣ ራሳቸው ይገርፋሉ።

የግርፋቱ ትዕይንት የፊልሙ እምብርት ነው። ሦስቱ ልጆች ወደ ስፖርት አዳራሹ ይጠራሉ። ጥፋታቸው ምንድን ነው? አኳኋናቸው አላማረንም ነው ነገሩ። ሁለቱ በተራ ሲገቡ ካሜራው አብሯቸው አይገባም። ደጅ ቀርቶ ከሚጠብቁት ጋር ድምፁን ያዳምጣል። መጀመሪያ የሩጫ ኮቴ፤ ቀጥሎ የከዘራው ምት። ገራፊው ከአዳራሹ ጫፍ እየተንደረደረ መጥቶ ነው የሚመታው። የሚክ ተራ ሲደርስ ብቻ ውስጥ እንገባለን። የእሱ ቁጥር ከጓደኞቹ ይበልጣል። ሲያበቃም ቀና ብሎ የገረፈውን ልጅ ይጨብጥና ያመሰግነዋል። ደንቡ ነው።

ለእኔ ከመጨረሻው ተኩስ ይልቅ ያቺ «አመሰግናለሁ» ታስፈራለች። ሰው በሰው ላይ የሚሠለጥነው እንዴት እንደሆነ በሁለት ደቂቃ ታሳያለች። ዛሬ የተገረፈው ከጥቂት ዓመት በኋላ ከዘራውን ይረከባል።

«ጥቁርና ነጩ ሕልም ነው፤ ባለ ቀለሙ እውነት ነው»

ፊልሙ በቀለም ሲሄድ ይቆይና ድንገት ጥቁርና ነጭ ይሆናል፤ ተመልሶ ደግሞ ቀለም ይለብሳል። በዚህ ላይ ያልተፈላሰፈ የለም። መነሻው ግን ሲበዛ ተራ ነው። ካሜራውን የያዘው ቼካዊው ሚሮስላቭ ኦንድሪቼክ ነበር። የጸሎት ቤቱ መስኮት ትልልቅ ነው፤ የውጭው ብርሃን ደግሞ በየደቂቃው ይቀያየራል። ባለችው አነስተኛ በጀትና መብራት የቀለሙን ወጥነት ማረጋገጥ እንደማይችል ኦንድሪቼክ ተናገረ። አንደርሰን «እንግዲያው ጸሎት ቤቱን በጥቁርና ነጭ እናንሣው» አለ። ውጤቱን ሲያየው ወደደውና ሌሎች ቦታዎችም ላይ ጣል ጣል አደረገው።

ሕልም ነው የሚለው ትርጓሜ በራሱ በፊልሙም ይፈርሳል። ተራው የጸሎት ሥርዓት ጥቁርና ነጭ ነው። ከሁሉ በላይ ቅዠት የሚመስለው የጣሪያው ተኩስ ደግሞ ባለ ቀለም።

«ሚክ የሚሰማው የአፍሪካ የጦርነት ዘፈን ነው»

ሚክ ክፍሉ ውስጥ ሸክላ እየደጋገመ ያጫውታል። ከበሮ አለው፣ የልጆች ድምፅ አለው። አፍሪካ የሚለው ትክክል ነው፤ ጦርነት የሚለው ግን የለበትም። ዜማው «ሚሳ ሉባ» ከሚባለው የኮንጎ ቅዳሴ የተወሰደ ነው። በ1958 የተቀረጸ ሲሆን ያሰባሰቡት ጊዶ ሃዘን የሚባሉ ቤልጅጋዊ ካህን ናቸው። ክፍሉ «ሳንክቱስ» ይባላል። እኛ ቅዳሴ ላይ «ቅዱስ ቅዱስ ቅዱስ» የምንለው ማለት ነው። አመፀኛው ልጅ መንፈሱን የሚያድሰው በቅዳሴ ነው። ይህን ካወቅሁ በኋላ ትዕይንቱን እንደ ድሮው ማየት አልቻልኩም።

«ከፈረንሳዩ ፊልም የተሰረቀ ነው»

የፈረንሳዩ ፊልም የተባለው የዣን ቪጎ «ዜሮ ደ ኮንድዊት» ነው፤ 1933። «ጠባይ፦ ዜሮ» ብንለው ያስኬዳል፤ ሰርተፍኬት ላይ ከማርኩ በታች «ጠባይ» የምትል ረድፍ የነበረችበት ሰው ርዕሱ ወዲያው ይገባዋል። ከአንድ ሰዓት በታች የሆነች ፊልም ናት። የትራስ ላባ እንደ በረዶ የሚወርድባት፣ ልጆች በዝግታ የሚዘምቱባት ትዕይንት እስከ ዛሬ ታምራለች። ፈረንሳይ ፊልሙን እስከ 1945 አገደችው። ቪጎ ግን በ1934 በ29 ዓመቱ ስላረፈ እገዳው ሲነሣ አላየም።

አንደርሰን ውለታውን አልደበቀም። የቪጎን ፊልም ከደራሲዎቹ ጋር አይቶታል፤ ጣሪያውንም ከዚያ ነው ያመጣው። ልዩነቱ ግን የሰማይና የምድር ነው። የቪጎ ልጆች ከጣሪያ የሚወረውሩት አሮጌ መጽሐፍ፣ ጫማና ቆርቆሮ ነው። ከዚያ በጣሪያው ላይ ወደ ሰማይ ይወጣሉ፤ ደስ ይላል። የአንደርሰን ልጆች ጥይት ነው የያዙት። ደስም አይልም።

«መጨረሻ ላይ ልጆቹ አሸነፉ»

ጓደኛዬ የሚምልባት ቁራጭ እሷው ናት። አንድ ጄኔራል ንግግር ሲያደርግ ከወለሉ ሥር ጭስ ይወጣል። እንግዶቹ እያሳሉ ወደ ግቢው ይሮጣሉ። ተኩሱ ከላይ ይጀምራል። ርዕሰ መምህሩ ወደ ፊት ወጥቶ «ስሜታችሁ ይገባኛል፣ እመኑኝ» ዓይነት ነገር ይናገራል፤ ከልጆቹ ጋር ያለችው ስም የሌላት ወጣት ግንባሩን ትለዋለች። እስከዚህ ድረስ የጓደኛዬ ወሬ ልክ ነው።

የሚዘለው ቀጥሎ ያለውን ነው። እንግዶቹ መሣሪያ ያገኙና መልሰው ይተኩሳሉ። አንዲት ባልቴት መትረየስ ይዘው እየተሳደቡ ሲያንደቀድቁት ታያላችሁ። ማንም ማንንም አላሸነፈም።

ደግሞስ በእርግጥ ሆኗል ወይ? ቀደም ሲል ሚክ በወታደራዊ ልምምድ ላይ በትምህርት ቤቱ ቄስ ላይ ተኩሶ ነበር። ቀጥሎ ልጆቹ ቢሮ ተጠርተው ይቆማሉ። ርዕሰ መምህሩ ተነሥቶ አንድ ትልቅ መሳቢያ ይስባል። ቄሱ መሳቢያው ውስጥ ተጋድመዋል። ቀና ይላሉ፣ ልጆቹ በየተራ ጨብጠው ይቅርታ ይጠይቃሉ፣ ቄሱ ተመልሰው ይተኛሉ፣ መሳቢያው ይዘጋል። ይህን ያየ ሰው የጣሪያውን ተኩስ እንደ ዜና ሊቆጥረው አይችልም።

ርዕሱም ያንኑ ይላል። «ኢፍ» እንግሊዛዊው ገጣሚ ራድያርድ ኪፕሊንግ ከጻፈው፣ አባት ልጁን «ብትታገሥ፣ ብትችል» እያለ ከሚመክርበት ዝነኛ ግጥም የተወሰደ ነው። የሚክ ፊት ስክሪኑን ሞልቶ፣ እሱ ገና እየተኮሰ ሳለ ምስሉ ይቆረጣል። ጨለማው ላይ ያቺው ቃል ከአራት ነጥቧ ጋር ትመለሳለች።