«ሳይቃጠል በቅጠል»፦ አባባሉና የረሃብ ርዳታ

«ሳይቃጠል በቅጠል» ብዙ ጊዜ የሚነገረው ጠብ ሲነሣ ነው። ነገሩ ሳይካረር ሽማግሌ ይግባበት፣ ሕመሙ ሳይጠና ሐኪም ይየው፣ ዕዳው ሳይከመር ይከፈል ለማለት ይውላል። የተወሰደው ከእሳት ነው፤ ሣር ላይ የተነሣ እሳት ገና ሳይዛመት በለምለም ቅጠል እየመቱ ያጠፉታል፣ አንዴ ከተቀጣጠለ ግን አገር ቢወጣም አይመልሰውም። «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» የሚለውም የዚሁ ወንድም ነው።

ዓለም ለድሃ አገሮች ግብርና በሚሰጠው ድጋፍ ላይ ይህን አባባል ያህል ልክክ ብሎ የሚገጥም አላውቅም።

የበረሃ አንበጣን እንይ። እንቁላሉን የሚጥለው ዝናብ ባራሰው አሸዋ ውስጥ ነው። የሚፈለፈለው ኩብኩባ ክንፍ ስለሌለው መሬት ለመሬት ይጓዛል፤ መርጫ የያዙ ጥቂት ሰዎች በመኪና ይደርሱበታል። ክንፍ ካበቀለ በኋላ ግን ድንበርም ባሕርም አይገድበውም። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) እንደሚለው፣ ከተመቸው በ3 ወር 20 እጥፍ፣ በ6 ወር 400 እጥፍ፣ በ9 ወር 8,000 እጥፍ ይራባል። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን መንጋ በቀን የሚበላው 35,000 ሰው የሚበላውን ያህል ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 መጀመሪያ ላይ ፋኦ ለምዕራብ አፍሪካ የአንበጣ መከላከያ 9 ሚሊዮን ዶላር ጠይቆ ነበር። ገንዘቡ ሲጓተት መንጋው ከሰሃራ በረሃ በስተደቡብ ያለውን የሳህል ምድር ወረረ፤ ዓመቱ ሳያልቅ ጥያቄው 100 ሚሊዮን ደረሰ።

በቀጣዩ ዓመት ኒጀር ተራበች። በወቅቱ የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ ጉዳዮች ኃላፊ የነበሩት ጃን ኢገላንድ፣ ቀድሞ ቢደረስ ኖሮ አንድን ሕፃን ከምግብ እጥረት ለመጠበቅ በቀን 1 ዶላር ይበቃ እንደነበር፣ ከዘገየ በኋላ ግን የአንዱን ሕፃን ሕይወት ለማትረፍ 80 ዶላር እንደሚያስፈልግ ተናገሩ። ያኔ ገንዘቡ የመጣው የከሱ ሕፃናት ምስል በየቴሌቪዥኑ ከታየ በኋላ ነው።

ከገንዘቡ ይልቅ እኔን የሚያንገበግበኝ በገበሬው ቤት የሚሆነው ነው። ቤተሰቡ ምግብ ሲያጥረው መጀመሪያ ፍየሉን ይሸጣል። ጎረቤቱም እንዲሁ ስለሚያደርግ የከብት ዋጋ ይወድቃል፣ የእህል ዋጋ ይወጣል፤ ትናንት በአንድ ፍየል የተሸመተው ዛሬ በሁለትም አይገኝም። ቀጥሎ የእርሻ በሬው ይወጣል። በመጨረሻ ለዘር የተቀመጠው ይበላል። ከዚያ ዝናቡ ደህና ቢጥልም በምን ይታረሳል? ምንስ ይዘራል? በዚህ ጊዜ የሚደርስ የርዳታ ስንዴ ነፍስ ያቆያል፣ እርሻውን ግን አይመልስም።

«ረሃብ» ተብሎ በይፋ እስኪነገር መጠበቅ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው። መስፈርቱ ከባድ ነው፦ ቢያንስ ከ5 ቤተሰብ አንዱ ለከፋ የምግብ እጦት ሲጋለጥ፣ ከ100 ሕፃናት 30ው በአጣዳፊ የምግብ እጥረት ሲጎዱ፣ ከ10,000 ሰው በቀን 2 ሲሞት ነው። ይህ ቃጠሎው ከተስፋፋ በኋላ የሚለካ ልኬት ነው። በሶማሊያ ማስጠንቀቂያው ከ2010 ጀምሮ ሲወጣ ቆይቶ ረሃቡ በይፋ የተነገረው ጁላይ 20 ቀን 2011 ነው። በዚያ ቀውስ ወደ 260,000 የሚጠጋ ሰው አልቋል፤ ከግማሽ በላዩ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ነበሩ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

የለጋሾቹን ሥጋት አላጣጥልም። ትንበያ ይስታል፣ ገና ያልደረሰ ጥፋትን ምክንያት አድርጎ ከምክር ቤት ገንዘብ ማስፈቀድም ይከብዳል። ነገር ግን ዝናብ ይጠፋል ተብሎ የተሰጠ መኖና ዘር፣ ዝናቡ ቢመጣ እንኳ ከብቱን ያደልባል፣ ማሳውን ይሸፍናል እንጂ ባክኖ አይቀርም።

የተባበሩት መንግሥታት በ2006 ሥራ ያስጀመረው ማዕከላዊ የአስቸኳይ ጊዜ ፈንድ ለዚህ አንድ መንገድ ከፍቷል፤ ገንዘቡ አስቀድሞ ስለሚቀመጥ ልመና እስኪሰማ አይጠበቅም። በ2020 በባንግላዴሽ ትንበያውን ብቻ ይዞ፣ ጎርፉ ጫፉ ላይ ሳይደርስ ገንዘብ ለቋል። ለገበሬዎችም የከብት መኖ ተሰጥቷል። ማን፣ መቼ፣ ምን ምልክት ሲታይ ስንት እንደሚሰጥ አስቀድሞ የሚስማማ እንዲህ ያለ አሠራር ግን ዛሬም ከጠቅላላው የርዳታ ገንዘብ ትንሽ ድርሻ ብቻ ነው የሚያገኘው።