መጠነ ማቋረጥ፦ አንድ ክፍል፣ ሁለት ቁጥር

«ከሴት ተማሪዎች 6 በመቶ አቋረጡ» ሲባል ከሰማችሁ፣ መጀመሪያ «መቼ ተቆጥሮ?» በሉ።

መስከረም ላይ 100 ሴቶች 9ኛ ክፍል ተመዘገቡ እንበል። ሰኔ ላይ ለፈተና የተቀመጡት 94 ናቸው። መጠነ ማቋረጡ 6 በመቶ ተባለ፣ ሪፖርቱም ተዘጋ። ግን ክረምቱስ? ትምህርት ሲዘጋ አረብ አገር የሄደች፣ ከተማ ሰው ቤት ሥራ የገባች እዚያ ሪፖርት ላይ የለችም፤ ሰኔ ላይ ተፈትናለቻ!

በቀጣዩ መስከረም ስንቆጥር 82ቱ 10ኛ ገብተዋል፣ 7ቱ 9ኛን እየደገሙ ነው፣ 11ዱ ግን የሉም። አሁን 11 በመቶ ሆነ። ሁለቱም ስሌት ልክ ነው፣ የሚለኩት ጊዜ ነው የተለያየው። እኔ ሁለተኛውን አምናለሁ፤ እሱም ቢሆን መሸኛ ወስዳ ሌላ ወረዳ የምትማረውን ልጅ ከስሌቱ ካላወጧት በስህተት አቋራጭ ያደርጋታል።

ሌላም አለ። 8ኛን ጨርሳ 9ኛ ሳትመዘገብ የቀረች ልጅ በሁለቱም ቁጥር ውስጥ የለችም። ከሁለተኛ ደረጃ አላቋረጠችማ፣ መች ጀመረች? እሷን ለማግኘት ከ8ኛ ወደ 9ኛ ያለፉትን የሚያሳየውን ሌላ ሠንጠረዥ መግለጥ ነው።