«በውጊያ ላይ የተገደለ» ማለት ምን ማለት ነው?

«ሬሳው ካልተገኘ ጠፋ ይባላል እንጂ ተገደለ አይባልም» የሚለው ክርክር እዚህ ጎንደር የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወሬ በተነሣ ቁጥር ይመጣል። ሰሞኑን ደግሞ አንድ ተከራካሪ የአንድ አሜሪካዊ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ተኳሽ መቃብር ስለሌለው ብቻ «በውጊያ ላይ ተገደለ የሚለው መዝገቡ ተሳስቷል» ብሎ ደመደመ። መዝገቡ አልተሳሳተም።

«በውጊያ ላይ የተገደለ» የሚለው መደብ የሚመልሰው ሰውየው በምን ሁኔታ ሞተ የሚለውን ብቻ ነው። በጠላት ተኩስ፣ ወይም ውጊያው ባስከተለው ጉዳት፣ ሕክምና ቦታ ሳይደርስ ከሞተ በውጊያ ላይ ተገደለ ይባላል። የወገን ጥይት በስሕተት ቢመታውም እዚሁ ይገባል። አስከሬኑ የት ወደቀ የሚለው የሌላ ዶሴ ጉዳይ ነው።

ለጎንደር ሰው መርዶን ማሰብ ይበቃል። ልጁ ሩቅ አገር የሞተበትን ቤት ሽማግሌዎች ገና ሳይነጋ ሄደው ያረዱታል። ሬሳ ይዘው አይሄዱም፤ የያዙት የታመነ ቃል ነው። ልብሱ ወጥቶ ይለቀስለታል፣ ቤተሰቡም እርሙን ያወጣል። መርዶ ያልመጣለት ቤት ግን ዓመት ቢያልፍም በር በሩን ያያል። «ተገደለ» መርዶው የደረሰለት ነው፤ «የደረሰበት አልታወቀም» ገና የሚጠበቀው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ማስረጃ ነው።

ማስረጃው ከየት ይመጣል? (ከዚህ በታች ያሉት ቀኖች፣ የጎንደሩ ሲቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) አሜሪካኖች ከ1943 ጀምሮ ላልተመለሰ አውሮፕላን ሁሉ በ48 ሰዓት ውስጥ የሚሞላ ቅጽ ነበራቸው። መጨረሻ የታየው የት ነው? ማን አየው? ስንት የመዝለያ ጃንጥላ (ፓራሹት) ተከፈተ? ከዚያ የሞተሮቹና የመትረየሶቹ ተከታታይ ቁጥር ይጻፋል። ይህ ቁጥር ያለ ምክንያት አልተጨመረም። ስብርባሪው ሲገኝ የሞተሩ ቁጥር አውሮፕላኑን ይነግራል፣ አውሮፕላኑ ደግሞ የዕለቱን የሠራተኛ ዝርዝር። ምርኮኛ ካለ ወይም ጀርመኖች የቀበሩት ካለ፣ ስሙ በጄኔቭ በቀይ መስቀል በኩል ይመጣል።

የጃንጥላ ቆጠራው ላይ ብዙ ሰው ይስታል። ቢ 17 በተባለው የአሜሪካ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ውስጥ 10 ሰው አለ፦ አብራሪ፣ ረዳት አብራሪ፣ አቅጣጫ መሪ፣ ቦምብ ጣይ፣ መካኒክ፣ ሬዲዮ ኦፕሬተር፣ የቀሩት ተኳሾች። «6 ጃንጥላ ታየ» ማለት 4ቱ ሞቱ ማለት አይደለም። በደመና ውስጥ የተከፈተ አይታይም፤ የተከፈተለትም ሰው በሕይወት አለ ማለት አይደለም፤ የትኛው ጃንጥላ የማን እንደሆነም ከሌላ አውሮፕላን ሆኖ ማንም አይለይም። ስለዚህ ጥቅምት 14 ቀን 1943 ከጀርመኗ ከተማ ከሽዋይንፈርት ድብደባ ሳይመለሱ የቀሩት 60 ቢ 17ዎች የያዙት 600 ያህል ሰው በዚያ ምሽት «ተገደሉ» ተብሎ አልተመዘገበም። ከፊሉ ምርኮኛ ሆኖ ተገኘ፣ ከፊሉ ሞቱ በኋላ ተረጋገጠ። የአንዱ አውሮፕላን ሰዎች በሦስት የተለያዩ መደቦች ቢገኙ የጸሐፊው ስሕተት አይደለም።

በአንድ ሰው የሚበር ተዋጊ አውሮፕላን ላይ ነገሩ ይቀላል። ጥቅምት 14 ቀን 1934 ዓ.ም. በጎንደር አካባቢ ግላዲያተር የተባለ የደቡብ አፍሪካ ተዋጊ አውሮፕላን የመጨረሻውን የጣሊያን ፊያት ሲአር 42 ሲጥል፣ አውሮፕላኑና ሰውየው አንድ ዕጣ ነበራቸው። ደቡብ አፍሪካውያኑ ለአብራሪው ጀግንነት ክብር የሚገልጽ መልእክት ከአየር ጣሉ። መርዶው ከጠላት እጅ ደረሰ ማለት ነው።

መርዶው የማይመጣበት ጊዜም አለ። የዚያ ዘመን የአሜሪካ ሕግ 12 ወር ከጠበቀ በኋላ «እንደሞተ ተቆጥሯል» የሚል ሌላ መደብ ይሰጥ ነበር፤ ይህንን ከ«ተገደለ» ጋር መቀላቀል ትልቅ ጥፋት ነው። ብዙ ጊዜ ወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው የሞት ቀን አውሮፕላኑ የወደቀበት ሳይሆን ዓመት ከአንድ ቀን የሞላበት ነው። ጥቅምት 14 ቀን 1943 የበረረ ሰው ወረቀቱ ላይ ጥቅምት 15 ቀን 1944 ሞተ ቢል፣ አንድ ዓመት ተደብቆ ኖረ ብላችሁ ታሪክ አትፍጠሩለት። እንዲህ ሲጻፍ አንብቤያለሁ፤ ያሳዝናል።

መርዶ እዚህ ላይ ምሳሌነቱ ያልቃል። አንዴ የተነገረ መርዶ አይመለስም፤ ዶሴ ግን ይታረማል። የጠፋው ተገደለ ይሆናል፣ ሞተ የተባለውም ከምርኮ ተመልሶ ያውቃል። ስለዚህ አንድ ወረቀት ይዞ መከራከር አይበቃም፤ የወረቀቱን ቀን ማየት ይገባል።

ቆስሎ አውሮፕላኑ ውስጥ፣ ከመሬት 25,000 ጫማ ላይ ያለፈ ተኳሽ በውጊያ ላይ ተገደለ። ያው ተኳሽ እንግሊዝ አርፎ ሆስፒታል ገብቶ በማግሥቱ ካለፈ «በቁስል የሞተ» ነው። ልምምድ ላይ ተራራ የመታው ሁለቱም ውስጥ የለም።

የአማርኛው ችግር እዚህ ይመጣል። ሁሉንም «የተሰዋ» ብለን እንጠቀልላለን። ቃሉ ክብር ነው፣ ለሐውልትም ይገባል፤ መደቡን ግን አይናገርም። «በግዳጅ ላይ» ማለትም አይበቃም፤ ግዳጅ ላይ በሞተር ብልሽት የሞተም አለና። እንግሊዝ ውስጥ በራኒሚድ የመታሰቢያ ሐውልት ላይ መቃብራቸው የማይታወቅ ከ20,000 በላይ የአየር ኃይል ሰዎች ስም ተቀርጿል፤ ያ ተከራካሪ እንደሚለው ቢሆን ኖሮ ከእነርሱ መካከል አንዱንም «ተገደለ» ማለት ባልተቻለ ነበር። ስትተረጉሙ «በውጊያ ላይ የተገደለ» ብላችሁ ጻፉ፣ አስከሬኑ ካልተገኘም ለብቻው «አስከሬኑ አልተገኘም» ብላችሁ ጨምሩበት።