«እስከ ሞት ድረስ የታመንህ ሁን» ማለት አንዴም አለመውደቅ ነው?

ሐዋሳ ገብርኤል ደጅ ከቅዳሴ በኋላ ወጣቶች የሚያነሱት ጥያቄ ነው፦ «አንዴ ከወደቅኩ አለቀልኝ?» ኧረ አላለቀም!

ቃሉ ያለው ራእይ 2፥10 ላይ ነው። የተጻፈው ሰምርኔስ ለነበሩ ክርስቲያኖች ነው፤ የዛሬዋ ኢዝሚር፣ ቱርክ። እስርና ሞት ደጃቸው ደርሶ ነበር። ስለዚህ ጉዳዩ ስንቴ ተሳሳትክ አይደለም። ሞት ቢመጣብህም አትካደኝ ነው። የዚያው ከተማ ጳጳስ ፖሊካርፐስ በ2ኛው መቶ ዘመን «ክርስቶስን ካድ» ሲባል፣ 86 ዓመት አገለገልኩት፣ ምንም አልበደለኝም ብሎ ሰማዕት ሆነ።

ሰው ግን ፖሊካርፐስን እየጠቀሰ ጴጥሮስን ይረሳል፤ ይሄ ሁሌ ይገርመኛል። ጴጥሮስ ሦስቴ ካደ። አለቀሰ፣ ተመለሰ። በትውፊት እንደሚነገረው፣ ያው የካደው ሰው ሮም ላይ ቁልቁል ተሰቀለ። የወደቀ ካለ ዛሬውኑ ለንስሐ አባቱ ይደውል።