በአይስ ሆኪ አቻ የወጣ ጨዋታ እንዴት ይለያል?

በዓለም አይስ ሆኪ ሻምፒዮና በአቻ ውጤት የሚያበቃ ጨዋታ የለም። ሦስቱ የ20 ደቂቃ ክፍለ ጊዜዎች እኩል ካለቁ ተጨማሪ ሰዓት ይጀመራል፤ ከበረኛው ሌላ በየወገኑ ሦስት ተጫዋቾች ብቻ ይገባሉ፤ ቀድሞ ያገባ ያሸንፋል። ጥፋት የሠራ ቡድን ወደ ሁለት አይወርድም፤ ተጋጣሚው ነው አራተኛ ሰው የሚጨምረው።

ብዙዎችን ግራ የሚያጋባው የሰዓቱ ርዝመት ነው። በምድብ ጨዋታ 5 ደቂቃ፣ ከሩብ ፍጻሜ እስከ ነሐስ ሜዳሊያው ጨዋታ 10 ደቂቃ ነው። ያኔም ካልተለያዩ ወደ መለያ ምት ይሄዳሉ። አምስት አምስት ተጫዋቾች በየተራ ፐኩን (በበረዶው ላይ የሚንሸራተተውን ጠፍጣፋ የጎማ ዲስክ) ከመሃል ሜዳ እየነዱ ብቻቸውን ከበረኛው ጋር ይፋጠጣሉ። አሁንም እኩል ከሆኑ አንድ ለአንድ ይቀጥላል፤ እዚህ ላይ አሰልጣኙ ያንኑ ተጫዋች ደጋግሞ መላክ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2014 የሶቺ ኦሊምፒክ አሜሪካዊው ቲ ጄ ኦሺ ሩሲያ ላይ ስድስት ጊዜ ሞክሮ አራቱን ማስቆጠር የቻለው ለዚህ ነው። በመለያ ምት ስንትም ይግባ፣ ውጤቱ ላይ የሚደመረው አንድ ጎል ብቻ ነው፤ 2 ለ 2 የነበረው 3 ለ 2 ተብሎ ይመዘገባል።

የምድብ ሰንጠረዥ ስታነቡ ይህን ያዙ፦ በ60 ደቂቃ ያሸነፈ 3 ነጥብ፣ ከዚያ በኋላ ያሸነፈ 2፣ ከዚያ በኋላ የተሸነፈ 1 ያገኛል።

በፍጻሜው ግን መለያ ምት የለም። ጎል እስኪገባ ድረስ የ20 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ይደጋገማል፤ ዋንጫ በጨዋታ መወሰኑ በእኛ እምነት ትክክል ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 አሜሪካ ስዊዘርላንድን 1 ለ 0 ያሸነፈችው በተጨማሪው ሰዓት ነበር።