ጆን ሉዊስ፦ ከሴልማ ድልድይ እስከ ኮንግረስ፣ አጣመን የምናወራው ታሪክ

ለአሜሪካ ጥቁሮች መብት የታገለው ጆን ሉዊስ ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው አንድ ፎቶ ነው። አላባማ፣ ሴልማ ከተማ፣ 1965። ካፖርት የለበሰ ወጣት መሬት ላይ ወድቋል፣ ከላዩ ፖሊስ ዱላ አንስቷል። ይኼው ወጣት በኋላ የአትላንታ ተወካይ ሆኖ 2020 ላይ እስኪሞት ድረስ ከ33 ዓመት በላይ ኮንግረስ ውስጥ ሠርቷል። በመሀል ያለውን ግን አንዳንዴ ሳናውቅ፣ አንዳንዴ ደግሞ ስለሚጥም ብቻ አጣመን እናወራዋለን። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።)

«የማርቲን ሉተር ኪንግ ተከታይ ነበር» ይባላል። ኪንግን ይወደው ነበር፣ ውሸት የለውም። ግን ከ1963 እስከ 1966 የራሱን ድርጅት መርቷል። «ስኒክ» የሚባለውን የተማሪዎች ኮሚቴ ማለት ነው። በ1963ቱ የዋሽንግተን የጥቁሮች መብት ሰልፍ ከተናገሩት ሁሉ በዕድሜ ትንሹም እሱ ነበር፤ 23 ዓመቱ።

ንግግሩም እንደሚባለው ለስለስ ያለ አልነበረም። መጀመሪያ የጻፈው፣ የሰሜኑ ጦር ጄኔራል ሸርማን በእርስ በርስ ጦርነቱ ደቡብን እንዳቃጠለው እኛም ደቡብን እናቋርጣለን የሚል ነገር ነበረበት፤ ያለ ጠመንጃ እንጂ። የዋሽንግተኑ የካቶሊክ ሊቀ ጳጳስ ይህን አይተው «እንዲህ ከሆነ ሰልፉን በጸሎት አልከፍትም» አሉ። ሉዊስ እንቢ አለ። በመጨረሻ አንጋፋው የሠራተኞች መሪ ፊሊፕ ራንዶልፍ ለመኑት። ለሽማግሌ እሺ አለና ሰልፈኛው ተሰብስቦ እያለ ጽሑፉ እዚያው ሊንከን መታሰቢያ ላይ ተስተካከለ። የቀረውም ቢሆን የፕሬዚዳንት ኬኔዲን የእኩል መብት ረቂቅ ሕግ በቂ አይደለም የሚል ነበር።

ሌላው ስህተት ጥቁሮች የመምረጥ መብት ያግኙ ተብሎ ከሴልማ ወደ አላባማ ዋና ከተማ ሞንትጎመሪ በተደረገው የ1965ቱ ሰልፍ ላይ «ማርች 7 ቀን ድልድዩን ተሻግሮ ሞንትጎመሪ ገባ» የሚለው ነው። አልገባም። 600 ያህል ሰው ይዞ ድልድዩን እንደጨረሰ የግዛቱ ፖሊሶች ጠበቁት፣ የራስ ቅሉን ሰነጠቁት። የሚገርመኝ የቦርሳው ነገር ነው። ሁለት መጽሐፍ፣ አንድ ፖም፣ አንድ ብርቱካን፣ የጥርስ ብሩሽና የጥርስ ሳሙና ይዞ ነበር። ሞንትጎመሪ ሳይሆን እስር ቤት የሚያድር መስሎት ነበር። ሰልፉ ሞንትጎመሪ የደረሰው በወሩ መጨረሻ፣ በፌዴራል ወታደሮች ታጅቦ ነው።

«ድብደባው ዝነኛ አደረገው፣ ዝናው ኮንግረስ አስገባው» የሚለው ደግሞ የባሰ ነው። በመሀሉ 21 ዓመት አለ። በ1966 ከራሱ ድርጅት ሊቀመንበርነት ወርዶ ስቶክሊ ካርማይክል ተተካበት። በ1977 ለኮንግረስ ተወዳድሮ ተሸነፈ። ከዚያ በ1981 የአትላንታ ከተማ ምክር ቤት ገባ።

1986 ላይ ለኮንግረስ እንደገና ሲወዳደር ተፎካካሪው ማን ሆነ? ጁሊያን ቦንድ፤ ከስኒክ ጊዜ ጀምሮ የቅርብ ጓደኛው። ቦንድ መልከ መልካም፣ አንደበተ ርቱዕ፣ የምሁር ልጅ። ሉዊስ የእኩል አራሽ ልጅ፣ በልጅነቱ ለዶሮዎች ይሰብክ የነበረ፣ ምላሱ የሚከብድ። በመጀመሪያው ዙር ቦንድ በሰፊው መራ። በሁለተኛው ዙር ክርክር ላይ ሉዊስ ጓደኛውን «ና፣ ሁለታችንም የአደንዛዥ ዕፅ ምርመራ እናድርግ» ብሎ ተፈታተነው። ቦንድ አልቀበልም አለ። ሉዊስ በጠባብ ልዩነት አሸነፈ፤ ከጥቁር መራጮች አብላጫው ድምፅ የሰጠው ግን ለቦንድ ነበር። ጓደኝነታቸውም እንደ ድሮው አልሆነም። ሉዊስን ቅዱስ አድርጎ መሳል የሚወድ ሰው ይህችን ይዘላታል። እኔ ግን ሰውየው ፖለቲከኛም እንደነበር የገባኝ በዚህች ነው።

«ወንበር ሲያገኝ ሰልፍ ተወ» የሚሉም አሉ። የኮንግረስ አባል ሆኖ እንኳ አምስት ጊዜ ታስሯል። ሁለቱ በዳርፉር ጉዳይ የሱዳን ኤምባሲ በር ላይ ነበሩ፣ 2006 እና 2009። በ2016 ደግሞ የጦር መሣሪያ ቁጥጥር ሕግ ድምፅ ይሰጥበት ብሎ ባልደረቦቹን አስከትሎ የምክር ቤቱ ወለል ላይ ቁጭ አለ፤ በ76 ዓመቱ። አንድ ሙሉ ቀን ቆዩ፣ ድምፁም አልተሰጠም። ትዕግሥቱ ግን ሌላ ቦታ ፍሬ አፍርቷል። የአፍሪካ አሜሪካውያን ሙዚየም እንዲቋቋም 1988 ላይ ያቀረበው ሐሳብ ሕግ የሆነው በ2003 ነው። 15 ዓመት ሙሉ አመላለሰው። ሙዚየሙም በ2016 ተከፈተ።

ድልድዩ በስሙ ተሰይሟል የሚል ነገርም ይወራል። አልተሰየመም። ዛሬም የሚጠራው በኤድመንድ ፔተስ ስም ነው፤ ለባርነት በተዋጋው የደቡብ ጦር ጄኔራል። ስሙ ይቀየር የሚል ዘመቻ ሲነሳ ደግሞ፣ በ2015፣ «ተዉት፣ ታሪኩን ከነስሙ ይያዝ» ካሉት አንዱ ራሱ ሉዊስ ነበር።