ከክትባት በኋላ ትከሻ ሲጎዳ፦ ስለ ካሳ የሚባለውና እውነታው

አሜሪካ ያለ ዘመድ ይደውልና «እዚህ በክትባት ትከሻው የተጎዳ ካሳ ይከፈለዋል» ይላል። ወሬው ባሕር ዳር ሲደርስ ሌላ መልክ ይይዛል።

«ክንዴን ካመመኝ ተጎድቻለሁ ማለት ነው»

አይደለም። የተወጋ ጡንቻ አንድ ሁለት ቀን ያማል፣ ከዚያ ይተዋል። ጉዳት የሚመጣው መርፌው ከፍ ብሎ ወደ ትከሻው ጫፍ ሲወጋ ነው። ያኔ መድኃኒቱ ከጡንቻው ሥር ባለችው ፈሳሽ የያዘች ከረጢት ውስጥ ሊገባና ሊያስቆጣት ይችላል። ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ በ48 ሰዓት ውስጥ ይጀምራል። እጅን ወደ ላይ ማንሳት ያቅታል። ለወራትም ሊቆይ ይችላል። ጣና ላይ ታንኳ ለሚቀዝፍ ሰው ይሄ የእንጀራ ጉዳይ ነው።

«ጥፋቱ የክትባቱ ነው»

የአወጋጉ ነው። ያው ክትባት ከትከሻው አጥንት ሁለት ሦስት ጣት ዝቅ ብሎ ቢሰጥ ኖሮ ይሄ ባልመጣ። ሕፃናት በአብዛኛው ጭናቸው ላይ ስለሚወጉ ብዙም አያሰጋቸውም።

«የአሜሪካው ፈንድ ለእኛም ይከፍላል»

እዚህ ጤና ጣቢያ የተከተበን የባሕር ዳር ነዋሪ አይመለከትም። ፈንዱ እ.ኤ.አ. በ1986 በወጣ ሕግ የተቋቋመ ነው፣ ገንዘቡም እዚያው በክትባት ላይ ከሚጣል ቀረጥ ይመጣል። የትከሻ ጉዳት ካሳ ከሚከፈልባቸው ጉዳቶች ዝርዝር ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። እዚያም ቢሆን ለመጣ ሁሉ አይታደልም፦ በጥቅሉ ጉዳቱ ከ6 ወር በላይ መቆየት አለበት።

«እንግዲያው እዚህ መብት የለንም»

አለን፣ መንገዱ ግን ከበድ ይላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ አንቀጽ 2028፣ በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ካሳ ይክፈል ይላል። ጥፋቱን ማስረዳት ግን የከሳሹ ሥራ ነው። ጊዜም አለው፦ በአንቀጽ 2143 መሠረት ክሱ ጉዳቱ በደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። «እስኪ ይሻለኝ እንደሆነ» እያሉ ማሳደር ብዙ ሰው የሚከስርበት ነገር ነው።

«ወጌሻ ቢያሸው ይለቃል»

ወጌሻን አልንቅም። ግን የተቆጣ ትከሻን ማሸት ሊያባብሰው ይችላል፣ ፍርድ ቤት የሚቀርብ የሕክምና ማስረጃም ከወጌሻ አይገኝም። ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ሄዶ መታየት ይሻላል። የትኛው ክንድ፣ መቼ እንደተወጋ፣ ሕመሙ መቼ እንደጀመረ ሐኪሙ ካርድ ላይ ይጻፍልዎ። የክትባት ካርድዎንና የመድኃኒት ደረሰኝዎን አይጣሉ። ለተከተቡበት ጤና ጣቢያም ይንገሩ፣ የክትባት ጉዳት ሪፖርት የሚደረግበት ቅጽ አለ።